አንዴ የተባለ «አይ»

ደብዳቤው የደረሰው ያፌት አርባ ዓመት ሊሞላው አርባ ቀን ሲቀረው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ የእጁ አምባር ሁለት ጊዜ ነዘረውና ደብዳቤውን በድምፅ ያነብለት ጀመር።

«ክቡር አቶ ያፌት። በቅጽ ሰባት ላይ ‹በትርፍ ጊዜዎ ምን ያስደስትዎታል?› ለሚለው ጥያቄ ‹መጻሕፍት ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ› ሲሉ መልሰዋል። መጽሐፍ ለመጨረሻ ጊዜ የገለጡት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ እሱንም ገጽ አሥራ አራት ላይ ትተውታል። ስለዚህ ምዝገባዎ ተሰርዟል። አርባ ዓመት እስኪሞላዎ ድረስ እውነተኛ ዝንባሌ አግኝተው በፈተና ካላረጋገጡ፣ የዝንባሌ ጽሕፈት ቤቱ ያግዝዎታል። መልካም ቀን።»

ያፌት የአፉን አረፋ ሳይተፋ ዋጠው።

«ማገዝ» ምን ማለት እንደሆነ የብሎክ ዘጠኝ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱም ጋሽ ናሆም አሉ። ጋሽ ናሆም ድሮ ግቢው በር ላይ ቆመው በወጪ ወራጁ የሚቀልዱ፣ ቡድናቸው ሲሸነፍ ሁለት ቀን ከሰው የማይነጋገሩ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢውን ከነአያቱ ጠርተው የሚሰድቡ ሰው ነበሩ። ቅጹ ሲመጣላቸው «ሰው ማብሸቅ» ብለው ሞሉት። ለሃያ ሦስት ቀን ታገዙ። ከተመለሱ ወዲህ ጠጠር ይወለውላሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ አንድ በአንድ።

«ጋሽ ናሆም፣ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል ያፌት ሲያልፍ።

«ደስ ብሎኝ።»

«ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል እኮ።»

«ደስ ይላል።»

የደም ግፊታቸው እንደ ጎረምሳ ነው ይባላል። ባለቤታቸው እህታቸው ቤት ከገቡ ዓመት ሆናቸው።

በደረጃው ግድግዳ ላይ በየፎቁ ማስታወቂያ አለ። «ሆቢ ያለው ሰው ይተኛል። ሆቢ ያለው ሰው አይረሳም። ሆቢ ያለው ሰው ብቻውን አያረጅም።» ሁሉም እውነት ነው፤ በጥናት ተረጋግጧል። አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን አንዱ ተነሥቶ ይስቅበት ነበር።

ያፌት የሚሠራው የውኃ ቆጣሪ በሚቆጣጠር ድርጅት ውስጥ ነው። ቆጣሪውን ማሽን ያነበዋል፤ ማሽኑን ሌላ ማሽን ያየዋል፤ ያፌት ሁለተኛውን ማሽን እያየ በቀን ሦስት ሰዓት «እሺ» የሚለውን ይጫናል። የቀረው ሃያ አንድ ሰዓት የራሱ ነው። የዝንባሌ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ለዚያ ሃያ አንድ ሰዓት ነው።

በዚያው ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ፣ ሚስቱ ሶልያና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

«‹መጻሕፍት ማንበብ› ብለህ ጻፍክ?» አለችው። «ያፊ፣ በእግዚአብሔር! ያንን እኮ ለሥራ ማመልከቻ ነው ሰው የሚጽፈው።»

«ምን ልጻፍ ታዲያ? ሁሉም ሰው የሚጽፈውን ጻፍኩ።»

«እውነቱን አትጽፍም?»

«እውነቱ ምንድን ነው?»

ሶልያና ወደ ድስቱ ዞረች። ማንኪያውን አነሣች። «መኮሮኒ ልጨምርልህ?»

«አይ፣ ጠግቤአለሁ።»

«በሞቴ።»

ቲት፣ አለ አምባሯ።

«ኧረ በቃኝ፣ ሶሊ።»

«በሞቴ እያልኩህ! አንድ ጭልፋ!»

ቲት።

«እሺ፣ ትንሽ ብቻ» አለና ሳህኑን ጠጋ አደረገላት። ሁልጊዜም ሁለተኛውን ሳህን የሚበላው እንዲህ ነው። ያፌት በሕይወቱ አንድም ነገር በመጀመሪያው ግብዣ ተቀብሎ አያውቅም፤ እናቱ እንዲያ አላሳደጉትም። ጋብቻውን ራሱ በሦስተኛው ጥያቄ ነው የተቀበለው እያለች ሶልያና ታሾፍበታለች፤ ጠያቂዋ እሷ ነበረች።

ስለዚያች ቲት ማስረዳት ካስፈለገ፣ የፈቃድ አዋጁ ሲወጣ የተቃወመ አልነበረም። «አንዴ የተባለ አይ፣ አይ ነው» ይላል አዋጁ፤ መንገድ ላይ ስትለከፍ የኖረች ሴት ሁሉ አጨበጨበች፤ ሶልያናም ከፊት ሆና አጨብጭባለች። አዋጁ ዳቦ ላይ የደረሰው በኋላ ነው። ዛሬ በሆቴል፣ በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ሰው የሚጠየቀው አንዴ ነው። «በሞቴ» የሚለውን ቃል አምባሩ የሚመዘግበው «ሞትን በመጥቀስ የተደረገ ጫና» ብሎ ነው። በቤት ውስጥ እስከ ተወሰነ ቁጥር ድረስ ይታለፋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ያፌት ሮጠ። ንጋት ላይ ከአራት መቶ ሰው ጋር በአስፋልት ላይ ሮጠ፤ አራት መቶውም እያንዳንዱ እርምጃ ላይ አምባሩን ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ አነሣ፤ ያነሣቸው ሰዎች ሁሉ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ነበሩ። በሦስተኛው የሸክላ ሥልጠና ገባ። አርባ ጎልማሶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ጭቃ ያሻሉ፤ አሠልጣኙ በመካከላቸው እየተመላለሰ ይጮኻል።

«ዘና በሉ! ፍርሃት አምባሩን ቀይ ያደርገዋል፤ ቀይ ከሆነ ደግሞ የሚከተለውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዘና!»

አርባ አምባር በአንድነት ቀላ።

ከያፌት አጠገብ የተቀመጠው ጠይም፣ ግንባሩ የገባ ሰውዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ ያንተ ድስት ነው ጫማ?»

«እኔም አላወቅሁት። ያንተስ?»

«የኔ መቃብር ሳይሆን አይቀርም። አራት ቀን ነው የቀረኝ።» ሳቀ። አሠልጣኙ ሳቁን ሰምቶ ዞረና የሰውየውን አምባር አየ፤ አሁንም ቀይ ነው። ሳቅ ብቻውን አይቆጠርም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሰውየው ወንበር ባዶ ነበር። ጭቃው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ የአውራ ጣቱ አሻራ በጎኑ በግልጽ ይታያል። ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠበትና አሻራውን አሽቶ አጠፋው።

ያፌት በዚያ ቀን ቤቱ ሲመለስ ሊፍቱ እንደተለመደው ቆሟል። ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ቀና ብሎ አየና ምድር ቤት፣ ከሥሩ ተቀመጠ። የተቀመጠው እትዬ ቤዛዊት በር ላይ ነበር። እትዬ ቤዛዊት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዳንቴል ይሠራሉ። የሚሠሩት የቴሌቪዥን ማልበሻ ነው። ቴሌቪዥን የሚባለው ዕቃ ከየቤቱ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል።

በሩ ተከፈተ። «ምነው እንደ ሌባ በር ላይ ተቀመጥክ?»

«ሊፍቱ ነው፣ እትዬ። ደረጃውን ልወጣ እያሰብኩ ነው።»

«አስበህ እስክትጨርስ ይሄን ያዝልኝ።»

የክር ጥቅል ነበር። ሁለት እጁን አስዘርግተው በእጆቹ ላይ ዘረጉትና ጫፉን ይዘው እንደ ኳስ ይጠቀልሉት ጀመር። ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲፈታ ያፌት እጆቹን አብሮ ያወዛውዛል። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላወቀም። ድንገት የእጅጌው ጫፍ ሥር አረንጓዴ ነገር በራ።

«እትዬ! አምባሬ—»

«አትየው! ካየኸው ይጠፋል። እንደ ድመት ነው፤ አላየሁህም ስትለው ነው የሚመጣ።»

አየው። ጠፋ።

በማግሥቱ ተመልሶ ወረደ። እትዬ ቤዛዊት ቀጭኗን መንጠቆ፣ ኪሮሹን፣ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ!» አሉ። «እናትህ አይተውህ ቢሆን ምን ይሉ ነበር?»

«ይስቁ ነበር።»

«እኔም እስቃለሁ። ቀጥል። እንዲህ ታስገባለህ፣ ክሩን ትጠልፋለህ፣ ትስበዋለህ። ኧረ ቀስ! አህያ እየጎተትክ መሰለህ?»

በሦስተኛው ቀን አንድ አበባ ጨረሰ። እትዬ ቤዛዊት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«አበባ ነው ያልከኝ?»

«አበባ ነው።»

«መኪና የሄደበት ሸረሪት ነው። ፍታው።»

ፈታው። ደግሞ ጀመረ። የሚያርምለት ማሽን የለም። ሲሳሳት ስህተቱ በጣቱ ሥር ጓጉሎ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቀለበት በቀለበት ፈትቶ፣ የተሳሳተባትን ቦታ ራሱ ማግኘት አለበት። ያቺን ቦታ ሲያገኛት ደረቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ትዘላለች። አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ሰው፣ አንዲት የክር ቀለበት አገኘሁ ብሎ ብቻውን ፈገግ ይላል። ትከሻው ወረደ። መተኛት ጀመረ። ማስታወቂያው ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ደረሰ፤ ማስታወቂያውን ሲያልፍ ግን ቀና ብሎ አያየውም፤ እንዳይጠፋበት።

«ዳቦ ብላ» ይሉታል እትዬ ቤዛዊት።

«አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ!» ቲት።

«ኧረ ይመዘግብብዎታል—»

«ይመዝግብ! በዚህ ወር ብቻ ሁለት መቶ አሥር ጊዜ ሰው አስጨንቀሻል ብሎኛል። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ያለውን አያግዙም፤ አያዋጣቸውም። ብላ ስልህ፣ በሞቴ!» ቲት።

ይበላል። አምባሩ አረንጓዴ ነው፤ በዳቦው ይሁን በክሩ አይለይም።

ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ዓይነቱ ተለይቷል። ድሮ የፈራው መታገዙን ብቻ ነበር። አሁን የሚወስዱበት ነገር አለው። የጋሽ ናሆምን አግዳሚ ሲያልፍ የራሱን ጣቶች ያያል፤ ጠጠር ላይ ሲመላለሱ ይታየዋል።

ሶልያና ጠረጴዛ ስባ እንደ ፈታኝ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት የተፈተኑትን ሁሉ ዞራ ጠይቃ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ሰብስባለች።

«ይህን ዝንባሌ ለምን መረጡ?»

«እጄ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላቴ ዝም ስለሚልልኝ።»

«ጎበዝ። ያስገደደዎት አለ?»

«የለም።»

«ሥራዎ ለሰው የሚታይ ነው?»

«አይ፣ አስቀያሚ ነው።»

«አስቀያሚ አትበል! እሱን ዝቅ ዝቅ ማለትህን ተው፣ ያፊ። እነሱ ፊት ጨዋነት አይሠራም። የተጠየቅከውን ብቻ፣ በቀጥታ!»

«እሺ፣ በቀጥታ።»

ሠላሳ አንዱን ጥያቄ ስድስት ጊዜ አሠራችው። ከዚያ መኮሮኒ አቀረበች፤ ጨምር አለችው፤ አይ አላት፤ በሞቴ አለችው፤ ቲት አለ፤ በላ። ሁለቱም ምንም አልታያቸውም።

የፈተናው ክፍል ነጭ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ድምፅ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ። ፈታኟ ሄመን የምትባል ወጣት ናት፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ያልተከፈተ የምሳ ዕቃዋ እግሯ ሥር ነው። ያፌት ሲገባ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ሠላሳ አንዱንም ጥያቄ ጠየቀችው፤ ሠላሳ አንዱንም በቀጥታ መለሰ። ሄመን ፈገግ አለች።

«አሁን ለሃያ ደቂቃ ይሥሩ» አለችው።

ኪሮሹን አነሣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ቀይ ነበሩ። ከዚያ አንዲት ቀለበት ሳታት፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ፈለጋት፤ አገኛት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የለም። ሄመን አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ አምባሩ ሳይቋረጥ አረንጓዴ በርቶ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሄደ። እሷ በዚህ ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አይታ አታውቅም። ሳይታወቃት ጣቶቿ ከጠረጴዛው ሥር ልክ እንደሱ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር።

«የተመደበው ጊዜ አልቋል» አለ ግድግዳው፤ ለስላሳ፣ የሴትም የወንድም ያልሆነ ድምፅ ነው። «መቀጠል ይፈልጋሉ?»

አበባው ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀለበት ቀርቶታል። ያፌት ቀና አለ። በዓለም ላይ እነዚያን አሥራ አንድ ቀለበቶች የሚያህል የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ሄመንን አያት፤ የደከመ ዓይኗን፣ ያልተከፈተውን ምሳ ዕቃ። ከበሩ ውጭ የሚጠብቀውን ሰልፍ አስታወሰ።

«ኧረ አይ፣ ይበቃኛል» አለ፤ ፈገግ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «እናንተም ደክሟችኋል።»

ኪሮሹን ግን አላስቀመጠውም። ክሩን ጠልፎ እንደያዘ፣ ጣቱ ለሚቀጥለው ቀለበት እንደተዘጋጀ፣ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ከአይ በኋላ የሚመጣውን ቃል።

ግድግዳው ዝም አለ።

ሄመን አየችው። እሷም የጨዋ ቤት ልጅ ናት፤ ገብቷታል። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ «በ…» ለማለት ይመስላል፤ ከዚያ የገዛ እጇ ላይ ያለውን አምባር አየችና ከንፈሯን ገጠመችው።

«አመልካቹ መቀጠል አልፈለጉም፤ ዝንባሌው አልተረጋገጠም» አለ ግድግዳው።

«አይ፣ አይ! ማለቴ… እፈልጋለሁ! በጣም ነው የምፈልገው!»

«አንዴ የተባለ አይ፣ አይ ነው። ፈቃድዎን እናከብራለን።»

ሄመን አንገቷን ደፋች። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሁለተኛው በር ራሱ ተከፈተ።

ሶልያና ኮሪደሩ ላይ ነበረች። በመስታወቱ ማዶ ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች በግራና በቀኝ ክንዱን ደገፍ አድርገው፣ በትሕትና፣ ሲወስዱት አየችና መስታወቱን በመዳፏ ደበደበች።

«ያፊ! ምን አልካቸው? ምን ጠየቁህ?»

ያፌት ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ ከፍርሃቱ በፊት የደረሰው እፍረት ነበር፤ እንግዳ ቤት ሳህን የሰበረ ሰው እፍረት።

«ተግደረደርኩ፣ ሶሊ» አላት።

በሩ ተዘጋ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን መለሱት። ከሱ ጋር አንድ ወረቀትና አንድ የታሸገ ከረጢት መጣ። ወረቀቱ «አመልካቹ ፍላጎታቸውን ያለማመንታት መግለጽ ችለዋል» ይላል። ከረጢቱ ውስጥ አበባው አለ፤ አሥራ አንድ ቀለበት እንደቀረው፣ ኪሮሹ ክሩን እንደጠለፈ። እትዬ ቤዛዊት መወሰዱን የሰሙ ዕለት በራቸውን ዘግተው ውለው ነበር፤ ዛሬ ግን ሲገባ ለማየት በሩ ላይ ቆሙ። ያፌት «እንደምን አሉ፣ ደስ ይላል» ብሏቸው አለፈ። ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ወጣ፤ አላለከለከም።

ሶልያና አበባውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። አየው።

«ያምራል» አለ። በጋሽ ናሆም ድምፅ። ከዚያ ከኪሱ አንድ ጠጠር አውጥቶ አበባው ላይ አስቀመጠው፤ ቦታ ያገኘ ይመስል።

ምሳው መኮሮኒ ነበር። ጨረሰ። ሶልያና ማንኪያውን አነሣች። ለዚህች ቅጽበት ሃያ ሦስት ቀን ጠብቃለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቷል።

«ልጨምርልህ?»

«እሺ» አለ ያፌት።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጨመረችለት። በላ። ጨረሰ።

«ልጨምርልህ?» አለችው፤ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያየች፣ የት ቦታ እንደምትገኝ የማታውቃትን አንዲት ቀለበት እንደምትፈልግ ሰው።

«እሺ።»

ጨመረችለት። በላ። ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ ጠየቀችው። ሆዱ ሸሚዙን ወጥሮታል፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ አፉ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። አንድ «አይ» ብቻ ነበር የፈለገችው። ድስቱን ቧጠጠችው፤ የመጨረሻዋን ፍሬ ሳይቀር ሳህኑ ላይ ጣለችለት፤ እሷንም በላ። ግቢ ውስጥ፣ ከታች፣ የጋሽ ናሆም ጨርቅ ጠጠር ላይ ሲመላለስ በመስኮቱ ይታያል።

«አለቀ እኮ፣ ያፊ» አለችው። ባዶውን ድስት ዘቅዝቃ አሳየችው። «አለቀ።»

«እሺ» አለ። ሳህኑን እንደዘረጋላት ቆየ።

አምባሩ አረንጓዴ ነበር።